ማልቀስ የተከለከለ ልጅ

ልጅ ያላችሁ ስሙኝ። ልጃችሁ ሲያለቅስ ወይም ሲዘምር ወይም እሳት እፍ ሲል በአንድ ወገን እጁ ዝላ ከወደቀች፣ አፉ ወደ ጎን ከሄደ፣ ቃል ከጠፋውና ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ሆኖ ከተነሣ፣ «ልጅ ነው፣ ይተወዋል» ብላችሁ እንዳትቀመጡ። ክፉ መንፈስ ነው ብላችሁም እንዳትገርፉት። ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ይህንን የምጽፈው በግራ እጄ ነው፤ ቀኟ መጻፍ ካቆመች ስንት ዘመኗ። ስጽፍ አንዳንድ ቃል ይጠፋኛል። ሲጠፋኝ እዘለዋለሁ፤ እስኪመጣ ልጠብቀው ብል ይመሽብኛል፣ እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር የለኝም። ትዕግሥቴንም የወሰደው ይኸው በሽታ ነው።

ስሜ ይሄይስ ነው፤ ጎንደሬ ነኝ። ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከወጣ ቆይቷል፤ ማኪናው ግን አሁንም ጣሊያን በሠራው መንገድ ነበር የሚሄደው። አባቴ መሪጌታ አስማረ ከአራዳ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ደብር የዜማ መምህር ነበር። ዜማ ቤት «የኔታ» እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ፤ ቤት ስንገባ ግን አባዬ ነው፣ አንተ ነው። ድምፁን የሰማ ሁሉ ይመሰክርለታል። ወንበሩን የተቀበለው ከአባቱ ነው፤ ወንድ ልጁ ደግሞ እኔ ብቻ ነበርኩና ለእኔ ሊያወርሰኝ ነው ሐሳቡ። ይህንን የማያውቅ የደብሩ ሰው አልነበረም። ትልልቆቹ ተማሪዎች ሳይቀሩ «ትንሹ መሪጌታ» ይሉኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ያስዋሸኛል።

አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ዳዊቱን በቃሌ ይዤ ዜማ ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን ጠዋት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንገቴ ሥር እስኪገተር እየጮኽኩ ሳለሁ መቋሚያዬ ከእጄ ወደቀ። መቋሚያ ስንዘምር የምንደገፈው፣ ምቱንም የምንጠብቅበት በትር ነው፤ እሱን መጣል ነውር ነው።

«አንሣ እንጂ!» አለኝ አባቴ።

ጎንበስ አልኩ፤ እጄ አልመጣችም። ከትከሻዬ ተንጠልጥላ አያታለሁ። የእኔ ናት፣ ግን አትታዘዘኝም። «እጄን» ልል አፌን ብከፍት ለሐጬ ወረደ እንጂ ቃል አልወጣም። ልጆቹ ሳቁ፤ የቀለድኩ መስሏቸው ነው። ለአባቴም መስሎታል። አለንጋውን አንሥቶ ሾጥ ሾጥ አደረገኝ። እጄ መለስ እያለችልኝ ነበር፤ ሳለቅስና ሳግ ሲይዘኝ ግን እንደገና ዝላ ወደቀች። እስቲ ይህንን ልብ ያለው ማን ነው? እኔም አላልኩ፣ አባቴም አላለ። ጥቂት ቆይታ እጄ ስትመለስ ነገሩ ተረሳ፤ እኔም ተገርፌ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ እየመላለሰ ይመጣ ጀመር። አንዳንዴ እጅ፣ አንዳንዴ እግርም ጭምር፣ አንዳንዴ ምላሴ ብቻ። እጅስ ይመለሳል። ሳይመለስ የቀረው ሌላ ነው። ውሎ አድሮ ዳዊቴ ይፈርስብኝ ጀመር። መዝሙሩን እጀምራለሁ፣ መካከል ላይ ስደርስ ባዶ ነው። ትናንት ያጠናሁትን ዛሬ እንደ እንግዳ አየዋለሁ። እናቴ ጥሩነሽ ጨው ግዛ ብላ ትልከኝና አራዳ መካከል ቆሜ እገኛለሁ፤ ምን እንደተላክሁ ቀርቶ በየት በኩል እንደመጣሁ አላውቅም። የሚያውቁኝ ነጋዴዎች እጄን ይዘው ቤት ያደርሱኝ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው።

ከሁሉ የከፋው ግን ጠባዬ ነው። ሆደ ቡቡ ሆንኩ። ሰው በደግ ሲያናግረኝ አለቅሳለሁ፣ የማያስቅ ነገር ያስቀኛል፣ ደግሞ ድንገት ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን እናቴ ፊቴን ልታጥበኝ ስትል እጇን ነከስኳት፤ ደማች። ወዲያው እግሯ ሥር ተደፍቼ እዬዬ አልኩ፤ ያ እዬዬ ደግሞ ቀኜን ጣላት። እናቴ የደማች እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ የእኔን እጅ ታሽልኝ ጀመር። ውስጤ ያለው ልጅ እኔ እንዳልሆንኩ ይሰማኝ ነበር። ይህንን ለማን ይነግሩታል? በየትኛውስ ቃል?

እንግዲህ ሰው መከረ። «ዓይነ ጥላ ነው» አሉ፤ ትምህርት የሚያስረሳ፣ ዕድል የሚያጨልም የሚሉት መንፈስ ነው። አብሾ የሚባለውን ቅጠል ይጠጣና አእምሮው ይመለስለት ያሉም ነበሩ። እናቴ «ከሞቴ በኋላ!» ብላ እምቢ አለች፤ አብሾ ጠጥቶ አብዶ የቀረ ተማሪ በዓይኗ አይታለች። አባቴ ግን አንድ ነገር አስተዋለና ከእሱ አልነቀል አለ።

«ሌላ ጊዜ ሸጋ ነው» አላት አንድ ማታ እራት ላይ። «የሚይዘው ሲዘምር ነው። ቃለ እግዚአብሔር ሲሰማ ነው የሚነሣበት። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት ይፈለጋል? ዜማ የሚጠላ አለበት።»

«ታዲያ ዜማውን ይተወዋ!» አለች እናቴ።

«ይተወው? እሱ የሚፈልገው ይህንኑ አይደል እንዴ? ብንተውለት ልጄን ለሱ ለቀቅሁለት ማለት ነው። ደጋግሞ ሲዘምርበት ይቃጠላል፣ ይወጣል።»

ነገሩ እውነት ይመስላል እኮ! ማንም የደብር ልጅ እንደዚያው ነበር የሚያስበው። ጠበል ወሰዱኝ። ውሃው በረዶ ነው፤ ራሴ ላይ ሲወርድ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ፣ ጮኽኩ፣ እጄ ወደቀች። «ይኸው ተያዘ!» አሉ። «ማን ነህ? ከየት ያዝከው?» ቢሉኝ አፌ ተንጋዷል፣ መናገር አልቻልኩም። ዲዳ መንፈስ ነው ተባለ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ዛሬም እጠመቃለሁ። እኔ የምለው፣ ያን ዕለት ያስጮኸኝ ብርዱ ነው፣ የጣለኝም ጩኸቱ ነው።

እናቴ እየጨቀጨቀች ሆስፒታልም ወሰዱኝ። በረንዳው ላይ ሰው በሰው ላይ ነው። ከዳባት የመጣ፣ ከደምቢያ የመጣ፣ ወባ የያዘው፣ እግሩ የቆሰለ። ተራችን ሳይደርስ ሁለት ቀን እየተመላለስን ዋልን። በሁለተኛው ቀን ሕፃን ያቀፈች አንዲት የገጠር ሴት አጠገቤ ነበረች። በተቀመጥኩበት ምላሴ ተያዘና ለሐጬ ይወርድ ጀመር። እናቴ ተራ ልትጠይቅ ሄዳለች። ሴትዮዋ ምንም ሳትለኝ በነጠላዋ ጫፍ አፌን ጠረገችልኝ፤ ደግማም ጠረገችልኝ። ሌላው ሰው ግን ዘወር ብሎ ይቀመጥ ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

የገባሁበት ሐኪም እጄንና እግሬን መታ መታ አድርጎ አየ። እሱ ፊት ደህና ነኝ፤ ምን ያግኝ? «የሚጥል በሽታ ነው» ብሎ ነጭ ክኒን ሰጠኝ። ክኒኑ ቀኑን ሙሉ ያስተኛኛል። ከነቃሁም እንደ ሰካራም ነኝ። አባቴ ጥቂት ታገሠና «ይህ መድኃኒት ልጁን ከዜማ የሚያስቀር ነው፣ ለዚያ መንፈስ ያገለግላል» ብሎ ወረወረው። ከዚያ ወዲህ እናትና አባቴ በቀና አይነጋገሩም። አንድ ጣሪያ ሥር ሆነው በእኔ በኩል ነበር የሚላላኩት፤ እኔ ደግሞ መልእክቱን ሳላደርስ እረሳዋለሁ።

ጥምቀት ደረሰ። አባቴ ቁርጥ ውሳኔ ወሰነ፦ ታቦቱ ፊት፣ ከመዘምራኑ መካከል አቁሞ ሊያዘምረኝ። «ያኔ ይለቀዋል» አለ። እናቴ በር ላይ ቆማ «ልጄን ተውልኝ» አለችው፤ ቀሚሱን ጨምድዳ ይዛው ነበር። እጇን ቀስ አድርጎ አላቀቃት። ክፋት አልነበረበትም፣ ይህንን እወቁልኝ። 

ቀሐ፣ የጥምቀቱ ውሃ ወዳለበት ወርደን አድረን፣ ጎህ ሲቀድ ውሃው ተባርኮ ዝማሬው ሲጀመር መካከል ላይ ቆምኩ። ብርድ ነው፣ ከበሮ ነው፣ እልልታ ነው፣ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ነው። አባቴ ከጎኔ ሆኖ «ልጄ፣ በርታ! ከፍ አድርግ!» ይለኛል። እኔም ከፍ አደረግሁ። ለእሱ ስል ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ አወጣሁ። መጀመሪያ ጣቶቼ ነደዱ። ከዚያ የአባቴ ፊት በግማሽ ብቻ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው መሬቱን ነው።

ይኸኛው አልተመለሰም። ቀኝ ጎኔ ሁሉ ዝልፍልፍ አለ። ስነቃ ቤት ነኝ፤ እናቴ ትጠራኛለች፤ ድምፅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ስሜ መሆኑን ግን አላውቅም። ስንት ጊዜ እንደዚያ እንደቆየሁ እነሱ ናቸው የሚያውቁት። እየቆየ ቃል አንድ አንድ ይመጣልኝ ጀመር፤ ግን ያልፈለግሁት ነው የሚመጣው። ውሃ ልል «በር» እላለሁ። ስህተቱን ጆሮዬ ይሰማዋል፣ አፌ ግን አይታረምም፤ ይኼኔ ብስጭቱ! ያገኘሁትን እወረውራለሁ። አንድ ዕለት አባቴ ዳዊቱን ከፍቶ ፊቴ አስቀመጠው። ፊደሎቹን አየኋቸው። አንዳቸውም አላወቁኝም። አባቴ መጽሐፉን ዘግቶ ወጣ፤ ዜማ ቤትም እስከ ማታ አልገባም።

«አገር ቢለውጥ» አሉ ሽማግሌዎች። የእናቴ እኅት አክስቴ ጠጅቱ መካነ ብርሃን ነበር ያገባችው፤ ጃናሞራ፣ ደጋው ላይ። እግሬ መለስ ሲልልኝ በበቅሎ ጭነው ወሰዱኝ። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ሰዉ ግን ሸጋ ነው። ባሏ አያ ተገኘ ገብስ የሚያርስ፣ በግ የሚያረባ፣ ከስንት አንዴ የሚናገር ሰው ነበር። ስወራጭ፣ ስሳደብ ዝም ብሎ አጠገቤ ይቀመጣል። ስጨርስ «በቃህ? ና በል፣ በጎቹን እንቁጠር» ይለኛል። እቆጥራለሁ፤ ይጠፋብኛል፤ እሱም እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምርልኛል። አንድ ቀን እንኳ «አላዋቂ» አላለኝም። ዛሬ ቁጥር የማውቀው በእሱ ነው።

ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም ጋመሰ፤ እጄ አልወደቀችም። ኩባያ እስክትይዝ፣ እንጀራ እስክትቆርስ ተመለሰች። ጎንደር ተልኮ ተነገረ። አባቴ ሲሰማ ለእናቴ ምን እንዳላት ቆይቼ ነው የሰማሁት፦ «አየሽ? ከዜማ ቤት ሲርቅ ዝም አለ። ጠላቱ ዜማ መሆኑ ተረጋገጠ። አሁን ሰውነቱ ሲጠና አምጥቼ አስጨርሰዋለሁ።»

እኔ ግን እዚያው ደጋ ላይ አንድ ነገር አገኘሁ። በዚያ አገር እንጨት ብርቅ ነው፤ የሚነደው ኩበት ነው፤ ኩበቱም እርጥበት ስላለው እፍ ካላሉት አይያዝም። አንድ ቀን አክስቴ ወፍጮዋ ላይ ሳለች «የኔ ሸጋ፣ እሳቱን እፍ በልልኝ» አለችኝ። ቁጢጥ ብዬ እፍ፣ እፍ፣ እፍ አልኩ። ጣቶቼ ነደዱ፤ እጄ ዝላ አመዱ ላይ አረፈች። ፈርቼ ዝም አልኩ፤ ተመለሰች። ሌላ ቀንም ሆነ። ሦስተኛም። ምድጃው ሥር ቁጭ ብዬ በዚያች በተሰባበረች ጭንቅላቴ አሰብኩ። እዚህ ማን ዘመረ? እዚህ ምድጃ ሥር ታቦት የለ፣ ከበሮ የለ። ያለው እፍ ማለት ብቻ ነው። ዜማ ቤት ትንፋሽ፣ ጠበሉ ላይ ትንፋሽ፣ ስገረፍ ትንፋሽ። ትንፋሼ ነው!

ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሮጬ ለአክስቴ ልነግራት ሄድኩ። «አክስቴ... አክስቴ... በግ...» አልኩ። የምፈልገው በግ አይደለም! «ምነው? ምን ሆንክ? በጉ ምን ሆነ?» ብላ ወደ ደጅ ወጣች። ከግድግዳው ጋር ተጋጨሁ፣ በብስጭት። የሚያድነኝን ነገር አውቄዋለሁ፤ የማወጣበት አፍ ግን የለኝም። ከዚያ የባሰ እስር ቤት አላየሁም። በሕመሜ ሁሉ ያን ቀን ነው የፈራሁት፤ እንደዚህ ሆኜ ልሞት ነው ብዬ።

አባቴ ሳይታሰብ መጣ። ከደባርቅ ጀምሮ በበቅሎ፣ ፊቱ በብርድ ተሰነጣጥቆ። አቀፈኝ፣ ሳመኝ፣ እጄን አገላብጦ አየ። «ተመስገን! ተመስገን!» አለ። ከዚያ ከቦርሳው ጎን የታሰረውን ፈትቶ ሰጠኝ፤ የራሱ መቋሚያ ነው፣ ከአባቱ የወረሰው። «ነገ እንሄዳለን። ትንሣኤ ሳይደርስ ዜማህን ትጀምራለህ፤ አሁን አይችልህም» አለ። አክስቴ እልል አለች። እኔ በድን ሆንኩ። ቀሐ ላይ የወደቀው ሰውነቴ ያውቀዋል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ቢጥለኝ የሚነሣ ነገር እንደሌለኝ አወቅሁ።

ልናገር ሞከርኩ። «አባዬ፣ እ... እ...» አልወጣም። አባቴ በርኅራኄ ራሴን ዳበሰና ወደ አያ ተገኘ ዞረ። ያን ጊዜ እጁን ይዤ ጎተትኩት። ወደ ምድጃው። አስቀመጥኩት። የአባቱን መቋሚያ በቀኝ እጄ ያዝኩ፣ በደንብ ጨብጬ፣ እንዲያይ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ኩበቱን እፍ እል ጀመር። መዝሙር የለ፣ ጸሎት የለ፤ እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ላቆም ፈለግሁ፣ ግን ካላየ ነገ ይወስደኛል። እፍ፣ እፍ።

መቋሚያው እጄ ላይ ተንሸራተተ። አመዱ ላይ ወደቀ። እጄም ተከተለችው።

አባቴ መቋሚያውን አየ፣ እጄን አየ፣ አፌን አየ። «አልዘመረም» አለ በሹክሹክታ። «ምንም አላለም እኮ። እፍ ብቻ ነው ያለው።» አያ ተገኘም «እፍ ብቻ ነው ያለው» አለ። አባቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ እንዳለ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። «እኔ ነኝ» አለ። «ወይ እኔ! ቀሐ ላይ በርታ ያልኩት እኔ ነኝ።» ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። እኔም ልከተለው ሆዴ ባባ፤ ከዚያ ትንፋሼን ያዝኩ። የመጀመሪያው ቀኔ ያ ነው፣ ሊመጣ የነበረ ልቅሶ የዋጥኩበት።

በማግሥቱ ተነሣን፤ ወደ ዜማ ቤት ግን አልወሰደኝም። ጎንደር እንደገባን በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን፤ ያው በረንዳ፣ ያው ወረፋ። አዲስ የመጣች ፈረንጅ ሐኪም ነበረች፣ በአስተርጓሚ የምትናገር። አባቴ አንድ በአንድ አስረዳት። ልጁ እፍ ሲል እጁ ይወድቃል ሲላት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። አንዲት ወረቀት ፊቴ ይዛ «እፍ በላት፣ ሳታቋርጥ» አለችኝ። ጣቶቼ መንደድ ሲጀምሩ አባቴ ብድግ ብሎ ወረቀቱን ነጠቃት። «በቃ! አይታዋለች! በቃ በላት!» አለው አስተርጓሚውን። ሐኪሟ አልተቆጣችም። አንገቴን ዳሰሰች፣ ዓይኔን አየች፣ ከዚያ በዝግታ ተናገረች።

ወደ አንጎሌ ደም የሚያደርሱት ዋና ዋናዎቹ ሥሮች እየጠበቡ ነው አለች። ዋናው ቦይ ሲደፈን ውሃው በየጎኑ ቀጫጭን መንገድ እንደሚፈልግ ሁሉ ደሙም በቀጫጭን ሥሮች ነው የሚያዘግመው። ሰው ቶሎ ቶሎ አብዝቶ ሲተነፍስ የአንጎል ሥር ይኮማተራል፤ ጤነኛውን አይጎዳውም፣ ለእኔ ግን ያቺው ጠብታ ትቋረጣለች። የሞተው የአንጎል ክፍል ቃሌንም፣ ትዝታዬንም፣ ቁጣዬን የምይዝበትን ልጓምም ይዞ ነው የሄደው። ልጆችን አልፎ አልፎ ብቻ የሚይዝ በሽታ ነው፤ እሷም በመጽሐፍ እንጂ በዓይኗ አይታው አታውቅም።

«መድኃኒቱስ?» አለ አባቴ።

«እዚህ የለም። ወደፊት ምናልባት። አሁን የሚቻለው መጠንቀቅ ነው። አይዘምር፣ አይሩጥ፣ እሳት እፍ አይበል፣ ውሃ አብዝቶ ይጠጣ። እንዲያለቅስም አታድርጉት።»

አባቴ አስተርጓሚውን ደግሞ ጠየቀው። «እንዳያለቅስ ነው ያለችው? ልጅ እኮ ነው! ልጅ ማልቀስ እንዴት ይከለከላል?»  

ቤታችን እንግዲህ ልቅሶ የተከለከለበት ቤት ሆነ። እናትና አባቴ ታረቁ፤ ለእኔ ሲሉ እንኳ ድምፅ ከፍ አድርገው አይነጋገሩም። አለንጋው ምድጃ ገባ። ግን የእኔ ልቅሶ በአዋጅ የሚቀር አይደለም፤ በሽታው ራሱ ነው የሚያስለቅሰኝ፣ ልቅሶው ደግሞ በሽታውን ይጠራዋል። ቀኝ እጄም እንዲህ እየወደቀች ቆይታ በመጨረሻ ሳትመለስ ቀረች። ፊቴ ሲጨማደድ ያየ አባቴ መቋሚያውን ያነሣና አጠገቤ ይቀመጣል። በመቋሚያው መሬቱን መታ ያደርጋል፤ ረጅም ጊዜ ቆይቶ እንደገና መታ። «በአፍንጫህ ሳበው... ያዘው... አሁን ልቀቀው። ሌላ አታስብ፣ ምቱን ብቻ ስማ።» ምት የሚባለውን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መላ ዕድሜውን የዘመረበትን ምት አዘግይቶ፣ አዘግይቶ፣ ለትንፋሼ ልክ አደረገልኝ። ከዜማ የደረሰኝ ርስት ይህ ነው። ወንበሩን ሌላ ሰው ወረሰው። አባቴ ስለዚህ አንድም ቀን አላነሣብኝም፤ ማኅሌት ቆሞ ሲመጣ ግን ዓይኑን ከእኔ ያሸሽ ነበር፤ ይህም ያመኝ ነበር።

ድኛለሁ? ድነሃል ይሉኛል። አስኳላ ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ከሕፃናት ጋር ተቀምጬ ሁለት ክፍል ሳልጨርስ ወጣሁ። አራዳ አንድ ደግ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ማጠፍ ሰጠኝ፤ በአንድ እጅ ማጠፍን የሚያህል ትዕግሥት አስተማሪ የለም፣ እኔን ግን እስካሁን አላስተማረኝም። ጎልማሳ ስሆን መውደቁ እየራቀ ሄደ። አዲስ አበባ ወስደውኝ አንገቴ ላይ ቀለም ወግተው ራሴን በራጅ አነሡት። ሥዕሉን አሳዩኝ፤ መካከሉ ላይ እንደ ጭስ የተበተነ ነገር አለ። ቀጫጭኖቹ ሥሮች ናቸው አሉኝ። ለካ ጃፓኖች አይተውት ስሙን በጭስ ሰይመውታል። ዛሬ በሌላ አገር ቀዶ ጥገና አለው አሉ፣ ሲፈጥን የልጁ አእምሮ ሳይጎዳ የሚደርስ። የእኔ አልደረሰም። የእናንተ ግን ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለዚህ ነው። ልጁ ሲረሳ ሰነፍ አትበሉት። ሲናከስ ባለጌ አትበሉት። ምን ሲያደርግ እንደሚይዘው ተመልከቱ። ለሐኪሙም ያንኑ ንገሩ፤ ፊቱ ሲቀርብ ደህና ነውና።

አባቴ ሲያረጅ ሳምባውን ታመመ። ያ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴንና የደብሩን ሰዎች አስጠራ፤ ሁሉም ባለበት እጄን ያዘ፣ የማትሠራዋን። «ስሞት ይሄይስ እንዳያለቅስ» አለ። «ማንም ሰው ምነው አላለቀስክም እንዳይለው። ያለው ሰው ካለ እኔ ነኝ የከለከልኩት፣ እኔን ይውቀስ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ቀሐ ላይ አንድ ጊዜ ገድዬሃለሁ። ደግሜ አልገድልህም» አለኝ። ልመልስለት ፈለግሁ። ቃሉ እንደልማዱ ጠፋኝ። ምን ልለው እንደነበር ዛሬ አውቀዋለሁ፤ «እሳቱ ሥር የተቀመጥክልኝ አንተ ነህ» ልለው ነበር።

በቀብሩ ቀን ሰው ደረቱን ይመታል፣ አልቃሾቹ ያሞግሱታል፣ ያሳደጋቸው ተማሪዎች ያነባሉ። እኔ ደረቅ ፊት ይዤ ቆሜያለሁ። አንዲት የሩቅ ዘመድ «ምነው ይኼ ልጅ አንጀት የለውም እንዴ? አባቱ እኮ ነው!» ስትል ሰማኋት። እናቴ ከነሐዘኗ ዞራ «አፍሽን ያዢ! አባቱ ነው የከለከለው» አለቻት። ያን ጊዜ ከሆዴ ሥር ሊፈነዳ መጣ። ጣቶቼ መንደድ ጀመሩ። በግራ እጄ የያዝኩት መቋሚያ የእሱ ነበር፣ አመድ የነካው ያው መቋሚያ። መሬቱን መታ አደረግሁ። በአፍንጫዬ ሳብኩ፣ ያዝኩ፣ ለቀቅሁ። ቆየሁና ደግሞ መታ። እንባው ፊቴ ላይ ወረደ፣ ሳጉ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

አፈሩ ሞልቶ ሰዉ እስኪበተን ድረስ እንዲሁ መታሁ። ለአባቴ ያለቀስኩት በዚያ ነው፤ እሱ ባስተማረኝ ትንፋሽ፣ ቀስ እያልኩ።